ቢጋሩት የማያልቅ ነገር

ሥራ አስኪያጁ አቶ ይርዳው የመሥሪያ ቤቱን ማህተም ለማንም አያምኑም፤ ምሳ ሲወጡ እንኳ ኪሳቸው ከተው ነው።

እኚህ ሰው ለአንድ ኮምፒውተር ብቻ የተፈቀደ ሶፍትዌር አስገዙና የኮምፒውተር ባለሙያዋን በሠራተኛው ሁሉ ፊት አቁመው «በኔትወርክ ለሁሉም አዳርሺው» አሏት።

«ፈቃዱ ለአንድ ብቻ ነው፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ብንጋራው ያልቃል? ይጎድላል? መልስ ካለሽ ተናገሪ፤ ከሌለሽ እሺ በይ፤ እምቢ ካልሽ ደግሞ ከነገ ጀምሮ እንዳላይሽ!»

ሠራተኛው አቀረቀረ። እሷ ግን ድምጿን ዝግ አድርጋ፣

«እውነትዎን ነው ጋሼ፣ አያልቅም» አለች። «አሁኑኑ አዳርሰዋለሁ። እርስዎም ማህተሙን በሩ ላይ ያንጠልጥሉልንና ሁላችንም ደስ ባለን ወረቀት ላይ እንምታ። እሱም ቢመቱበት አያልቅም።»

አቶ ይርዳው መልስ ከመስጠታቸው በፊት ኪሳቸውን ዳበሱ።