የአቶ ጓንጉል ጂፕ

የወረዳው አስተዳዳሪ አቶ ጓንጉል ወንበራቸው ገና ሳይሞቅ፣ ከሰው ሁሉ በላይ ልታይ ብለው የመሥሪያ ቤቱን አሮጌ ጂፕ ከሥር የሚሸከማትን ብረት፣ ባሌስትራዋን፣ አስቀየሩና ከመሬት ከፍ አስደረጓት። ከዚያ ወዲያ መሪዋ አልዞር አለ። ጂፗን የምትነዳው ምላሰኛ ሴት ብትታገል ብትታገል አልሆነላትም፤ በገበያ ቀን፣ ሕዝብ እያየ፣ የተሰጣ በርበሬ ላይ ይዛቸው ወጣች።

አቶ ጓንጉል ከዚያ ሁሉ ከፍታ እየተንጠላጠሉ ወረዱና እጃቸውን ዘረጉ።

«አንቺ ሴትዮ፣ በሰው ፊት ተናገሪ። ጥፋቱ የማን ነው? የጂፗ ነው ካልሽ ያሠራኋትን እኔን ሰደብሽ። የገዛ ክንዴ ድካም ነው ካልሽ ደግሞ ለሥራው አልሆንሽም። በሁለቱም ቁልፉን ታስረክቢያለሽ።»

ቁልፉ ከሄደ እንጀራዋም አብሮ መሄዱ ነው። ጎንበስ ብላ ከሥር አየች፤ ከመሪው ወደ ጎማ የሚወርደው ዘንግ በከፍታው ሰበብ ተንጋዶ ተወጥሯል።

«ጌታዬ፣ ክንዴም ደኅና ነው፣ ጂፗም አልታመመች» አለች ቀና ብላ። «በድንገት ከፍ ያለ ሁሉ አንገቱ ይደነድናል፤ ያለ ነው። ደግነቱ እሷን ዝቅ የሚያደርግ ጋራዥ አለ።»

ገበያተኛው በሳቅ ሲፈርስ፣ አቶ ጓንጉል ለቁልፉ የዘረጉትን እጅ መልሰው ጢማቸውን ይደባብሱበት ጀመር።