የዶክተሩ ውሸት ዕድሜ

የታሪክ መምህሩ ዶክተር መኳንንት ከኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት የሚጠቅስ ተማሪ አይወዱም። አንድ ሰኞ ክፍል እንደገቡ፣ «ማንም የሚሞነጫጭርበት ነገር ነው! ትናንት እኔው ራሴ የከተማችንን ድልድይ ግሪኮች ሠሩት ብዬ ጽፌበታለሁ። ዛሬም እዚያው ካገኘሁት፣ ከሱ የጠቀሳችሁ ሁሉ ዜሮ!» አሉ።

ግማሹ ክፍል ተሳቀቀ። ዶክተሩ ፊት ወንበር ላይ ወደተቀመጠች ተማሪ ዞሩ። «በይ አንቺ፣ ስልክሽን አውጪና አንብቢልን።»

ልጅቷ አነበበች። ድልድዩን የሠሩት የከተማዋ ግንበኞች ናቸው ይላል።

«የኔ ጽሑፍስ የት ገባ?»

«ለቤት ሥራው ሳነብ አየሁትና ምንጭ ስለሌለው አረምኩት፣ ዶክተር። አርባ ደቂቃ ብቻ ነው የቆየው።»

ተማሪዎቹ ሳቁ። ዶክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሺ፣ ዜሮው ይቅር። ግን በሁሉም ፊት ንገሪኝ፤ ከሱና ከኔ ሃንዳውት የትኛው ይታመናል?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «ዶክተር፣ በየዓመቱ ፎቶ ኮፒ የምናደርገው ሃንዳውትዎም ድልድዩ የተሠራበትን ዓመት ተሳስቷል። የትናንቷ ስህተትዎ የኖረችው አርባ ደቂቃ ነው። ይቺኛዋ ግን ታላቅ እህቴን አስመርቃ፣ ይኸው እኔን ጀምራለች።»