የሙሽራዋ መኪና ዳገት አልወጣም ያለ ዕለት

ከሸዋ ሮቢት ቆላ አንዲት ሙሽራ ተነሣች አሉ፤ ዘርትሁን ትባላለች። ምኞቷ ትንሽ ነበረች። አባቷ ታመው ሰርጓን አላዩም፤ ለመልሱ ደጋ ወዳለው ቤታቸው ወጥታ ቬሎዋን እንደለበሰች እንዲያዩዋት ነበር የፈለገችው።

ጣርማ በር ዳገት ላይ ሾፌሩ ባንተይርጋ ነዳጁን ቢረግጥ ቢረግጥ፣ ሞተሩ አልገፋም አለ። ሞተሩ ካልገፋ መኪናው አይወጣም፣ መኪናው ካልወጣ አባትና ልጅ አይተያዩም።

ባንተይርጋ ኮፈኑን ከፍቶ አየና ነገሩን አስረዳ። ቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚገፋው አየር ትኩስ ነው፤ ከፊት ያለው ኢንተርኩለር ነው የሚያበርደው። ዛሬ ግን ኢንተርኩለሩ ራሱ ግሏል። ኢንተርኩለሩ አላበርድም አለ፣ አየሩ ግሎ ሳሳ፣ ሞተሩ አልገፋም አለ፣ መኪናው አልወጣም አለ፣ አባትና ልጅ ሳይተያዩ ሊመሽ ነው።

ለምን ጋለ ብትል፣ ንፋስ አጥቶ ነው አላት። የመኪናውን ፊት ትልቅ የላስቲክ አበባ፣ በልብ ቅርጽ ተሠርቶ በሽቦ ታስሮ፣ ጥርቅም አድርጎ ሸፍኖታል። አበባው አልለቅም አለ፣ ንፋሱ አልገባም አለ፣ ኢንተርኩለሩ አላበርድም አለ፣ አየሩ ሳሳ፣ ሞተሩ አልገፋም አለ፣ መኪናው አልወጣም አለ።

አበባውን ያሳሰሩት በዚሁ መኪና የተሳፈሩት የሙሽራው አጎት ጋሼ ወንድይፍራው ናቸው። ይፈታ ቢባሉ፣ «የሙሽራ መኪና ራቁቱን አማት ቤት አይገባም» አሉ። ሙሽራው ደርበው አጎቱን ቀና ብሎ ማየት አልደፈረም። ጋሼ አልፈታም አሉ፣ አበባው አልለቅም አለ፣ ንፋሱ አልገባም አለ፣ ኢንተርኩለሩ አላበርድም አለ፣ አየሩ ሳሳ፣ ሞተሩ አልገፋም አለ፣ መኪናው አልወጣም አለ።

ወጉ ሙሽራ አንገቷን ደፍታ እንድትቀመጥ ነው። ዘርትሁን ግን ቬሎዋን ሰብስባ ወረደች።

«ጋሼ፣ አባቴ የሚጠብቀው እኔን ነው፤ አበባ አይደለም።»

«ተይ ልጄ፣ ነውር ነው።»

«አልተውም።»

ሽቦውን በእጇ ትጠመዝዘው ጀመር። ጓንቷ ተቀደደ፣ ጣቷ ደማ፤ አላቆመችም። ይሄኔ ደርበው መጥቶ በሌላው በኩል ያዘ።

አበባው ለቀቀ! ንፋሱ ገባ፣ ኢንተርኩለሩ በረደ፣ አየሩ ቀዘቀዘ፣ ሞተሩ ገፋ፣ መኪናው ወጣ። ጋሼ ወንድይፍራውም አበባቸውን ታቅፈው፣ አኩርፈው፣ አብረው ወጡ።

አባቷ ግድግዳ ተደግፈው በር ላይ ቆመው ነበር። ቅባት የነካውን ቬሎ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ዘገየሽብኝ» አሉ።

«እምቢ ያለኝ በዛ፣ አባዬ» አለች፤ «እኔም እምቢ አልኩ።»