በምንጩ ዓይን ላይ የቆመው ድንጋይ

አንድ ጊዜ፣ ሰማይ ዝናቡን በነፈገበት ዓመት፣ አንዲት አህያ ከተራራ ሥር በምትፈልቅ ቀጭን ምንጭ የውርንጭላዋን ነፍስ ታቆይ ነበር። ምንጯ በደለል እየተደፈነች ስትሄድ ጊዜ ጨነቃትና ቀበሮና ጅብ ወዳቋቋሙት የልማት ማኅበር ሄደች።

«ምንጯን አብራችሁኝ ብትጠርጉልኝ?»

«እንጠርጋለን እንጂ! ለዚህ አይደል የተቋቋምነው?» አለች ቀበሮ በትሕትና አንገቷን ሰብራ። «ግን እመት አህያ፣ ተልዕኮና እሴት ሳይቀድም አፈር መጫር ነውር ነው።»

በማግስቱ ጉባኤ ተጠራ። ቀበሮ መደማመጥ፣ መተሳሰብ፣ አሳታፊነት እያለች እሴቶቹን ዘረዘረች።

«ሕፃናትን መውደድም ይግባበት!» አለ ጅብ፣ ውርንጭላውን ትክ ብሎ እያየ። «እኔ ሕፃን ሳይ አፌ ምራቅ ይሞላል።»

አህያ ክው አለች፤ ልጇን ሆዷ ሥር ሸሸገች። «አያ ጅቦ፣ ፍቅርህ ከሩቅ ይሁንልን!»

«ገና ከአሁኑ መተሳሰብን ተጠራጠርሽ?» ብላ ቀበሮ ገሠጸቻት። ጉባኤው አጨበጨበ።

እሴቶቹ በሰፊ ድንጋይ ላይ ተቀረጹ። ማን ይሸከመው ሲባል አሳታፊነት ጮክ ተብሎ ተነበበና ሸክሙ ለአህያ ደረሳት። ለልጇ ውሃ ነው ብላ እያቃሰተች እስከ ምንጩ አወረደችው፤ ከዚያም ልጇን ልታመጣ ሄደች።

ስትመለስ ዓይኗን ማመን አቃታት። ድንጋዩ አበባ ተጎንጉኖለት፣ ሥሩ በጭቃ ተመርጎ፣ ልክ በምንጩ ዓይን ላይ ተገትሯል። ጠብታ ውሃ የለም።

«ኧረ ጉድ! ምንጩን ደፈናችሁት እኮ!»

«ታዲያ የት እንትከለው?» አለ ጅብ ከልቡ ተገርሞ። «ዛሬ ንጉሥ አንበሳ ምንጩን ሊጎበኝ ይመጣል። ሌላ ቦታ ብናቆመው ማን ያነበዋል?»

«ልጄ ሊሞትብኝ ነው!»

«አይ፣ ሲያሳዝን!» አለ ጅብ ከንፈሩን እየላሰ። «አንቺ ሂጂ፣ እኔ አጠገቡ እቆይለታለሁ።»

አህያ ዞር አለችና ድንጋዩን በእርግጫ ጠለዘችው። ድንጋዩ ተገነደሰ፤ ታፍኖ የቆየው ውሃም ደለሉን ጠራርጎ ቡልቅ አለ። ውርንጭላው አፉን ደቀነ።

ይኸኔ አንበሳ ከነአጃቢዎቹ ደረሰ።

«ጌታዬ፣ የተልዕኳችን ፍሬ ይኸው!» አለች ቀበሮ እጅ እየነሣች።

«ድንቅ ነው!» አለ አንበሳ። «ግን ይህ የከበረ ድንጋይ ምን ጣለው? በሉ፣ በነበረበት አቁሙት!»

አህያ፣ ልጇ እየጠጣ፣ የኋላ እግሮቿን ወደ ጉባኤው አዙራ ቆመች፤ ድንጋዩን ለማንሣትም የደፈረ አልተገኘም።

ከዚህ የምንማረው፣ ለተጠማ ጎረቤት ያማረ ቃል ስንተክልለት፣ ምንጩ ላይ እንዳንተክልበት አስቀድመን ጎንበስ ብለን ማየት እንዳለብን ነው።