አቤቱታ ያልቀረበበት ማሻሻያ

ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጣ የባለጉዳይ ማመልከቻ የምትጽፍ አንዲት ሴት ነበረች። የምትጽፍበት የአማርኛ ፕሮግራም በነፃ የሚታደል፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት የሆነ ነው። እሷ የያዘችውም «የተረጋጋ እትም» የሚባለውን ነው፤ እንዲህ ባለው እትም ስህተት ይታረምበታል እንጂ ሰው የለመደው ነገር አይነቀልበትም። የፕሮግራሙ አለቃ ኢንጂነር ግን በአንዲት ትንሽ ማሻሻያ የድሮውን የፊደላት አቀማመጥ ከኪቦርዱ አጠፉት። የሴትዮዋ ጣት ደግሞ የሚያውቀው እሱን ብቻ ነበርና ሥራዋ ቀጥ አለ።

ተጠቃሚዎች በተሰበሰቡበት ተነስታ «ይመለስልን!» ብትል ኢንጂነሩ ሳቅ አሉ።

«እመቤቴ፣ እሱን የሚጠቀም ሰው ቢኖር ኖሮ አቤቱታ ይጽፍልን ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ አንዲት መስመር አልደረሰችንም!»

«በምን እንጻፍልዎት ጌታዬ?» አለቻቸው። «መጻፊያችንን እኮ ነው ያጠፉብን!»