የጃርት ቁራኛ

በዚያ ጫካ ችሎት የሌለው ነገር አልነበረም። የውኃ ጠብ በውኃ ችሎት፣ የግጦሽ ጠብ በግጦሽ ችሎት፣ የዛፍ ላይ ጠብ በዛፍ ችሎት ይታይ ነበር። ቀድሞ ሁሉንም አንበሳ ራሱ ከጥላው ሥር ተጋድሞ ይፈርድ ስለነበር ተራ የሚደርሰው ጥቂት ነበር፤ ከፍርዱ በኋላ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ስለዚህ ልዩ ልዩ ችሎቶች ሲቋቋሙ እንስሳቱ ደስ አላቸው። ከእንግዲህ ጉዳዩን የሚያውቅ ዳኛ ይፈርድልናል አሉ። በውኃ ችሎት ላይ አዞ ተሾመ፤ በዛፍ ችሎት ላይ ነብር። ሁለቱም ጉዳዩን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በዚህ ማንም አላማቸውም።

ችሎት ያጡት መሬት ውስጥ የሚኖሩት ብቻ ነበሩ። ጎሬያቸው ሲወሰድባቸው ውኃ ችሎት ሄደው «ውኃ የለበትም» ይባላሉ፤ ግጦሽ ችሎት ሄደው «ሣር የለበትም» ይባላሉ። እመት ጃርትም እንዲህ ስትመላለስ ከርማለች። ሥር ልትቆፍር በወጣችበት ጅብ ገብቶ ቤቷን ያዘባት። ከዚያ ወዲህ ከሁለት ልጆቿ ጋር ከጎረቤቷ ከሽኮኮ ዘንድ፣ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ተጠግታ ትኖር ነበር። ስንጥቁ በበጋ ይበቃል። ክረምት ሲገባ ግን ጎርፍ ያልፍበታል፤ ሽኮኮ ሽቅብ ትወጣለች፣ የጃርት ልጆች ግን ድንጋይ መውጣት አይችሉም።

በዓመቱ ጉባኤ ላይ ጃርት ተነሣች።

«ጌታ አንበሳ፣ የእኛ ቤት ከላይ ስለማይታይ ቤት ያለን አንመስልም። ለእኛም የጎሬ ችሎት ይቁምልን። ዳኛውም ጠባብ ቦታ የተወለደ ይሁን። ሽኮኮ ትሾምልን። ብርድ ታውቃለች፤ በር ላይ የማያውቁት ኮቴ ሲሰማ ልብ ምን እንደሚሆን ታውቃለች።»

ሽኮኮ አንገቷን ደፋች። የተደሰተችም የፈራችም ይመስል ነበር።

«ሌላም አለኝ» አለች ጃርት። «ተከሳሽ እየጠፋ ተቸግረናል። አያ ጅቦ ስንት ጊዜ ተጠርቶ ቀረ። በአያቶቻችን ዘመን ቁራኛ የሚባል ነበር። እሱ ይመለስልን።»

ቁራኛ ማለት ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ በአንድ ሐረግ ታስረው አብረው የሚውሉበትና የሚያድሩበት ልማድ ነው። ሁለት ድኩላዎች ይጣሉና ይታሰራሉ። አንዱ ወደ ሣር፣ አንዱ ወደ ውኃ ሲጓተቱ ይውሉና ሲሰለቻቸው ዳኛ ሳያስፈልጋቸው ይታረቃሉ። መልካም ልማድ ነበር። ድኩላ የሚታሰረው ከድኩላ ጋር ነበር።

ይህን የመጨረሻውን ነገር በጉባኤው ያስታወሰ አልነበረም። አንበሳ ግን ያስታወሰ ይመስለኛል፤ ጢሙን ሲልስ ቆይቶ፣

«የሕዝብ ጥያቄ ነው። ተፈቅዷል» አለ።

እንስሳቱ አጨበጨቡ። ጅብም አጨበጨበ።

የጎሬ ችሎት የተቀመጠው ከአንበሳ አለት ግርጌ ነው። የመጀመሪያው ጉዳይ የጃርት ነበር። የሚገርመው ጅብ ሳይፈለግ በጠዋት መጣ።

«አያ ጅቦ፣ ጎሬው የማን ነው?» ብላ ጠየቀች ሽኮኮ።

«የጃርት ነበር፤ አልክድም» አለ ጅብ። «ስደርስ ባዶ ነው። በሩን አንኳኳሁ፣ አቤት የሚል ጠፋ።»

«የቱን በር?» አለች ጃርት። «በትከሻህ ያፈረስከውን?»

ከኋላ ጥንቸሎች ሳቁ። ጅብም አብሯቸው ሳቀ፤ መሳቅ ልማዱ ነው። እሱ ሲስቅ እነሱ ዝም አሉ።

«ይኸው በአፉ አመነ» አለች ጃርት። «ክብርት ዳኛ፣ ከዚህ በላይ ምን ቀረ? ፍረጂ።»

ሽኮኮ ቀና አለች። አንበሳ አለቱ ላይ ተጋድሟል። ፊቱን ወደ ችሎቱ አላዞረም፤ ጅራቱ ብቻ ቀስ እያለ ይነሣል፣ ይወድቃል። ያንን ጅራት ብዙ አየችው።

«ጉዳዩ ማጣራት ያስፈልገዋል» አለች በመጨረሻ። «ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ውሳኔ ይሰጣል። እስከዚያ ከሳሽና ተከሳሽ በቁራኛ ይቆዩ።»

«ሽኮኮ» አለች ጃርት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ ነኝ እኮ።»

«ቁራኛውን የጠየቅሽው አንቺ ነሽ።»

«ዛሬውኑ ትፈርጃለሽ ብዬ ነዋ። ጎረቤቴ አይደለሽም እንዴ?»

«እዚህ ላይ ስቀመጥ ጎረቤት የለኝም» አለች ሽኮኮ። ይህን አነጋገር ከየት እንዳመጣችው እሷም አላወቀችም። ስትናገረው ግን የዳኛ ንግግር መሰላት።

ጅብ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንድ አቤቱታ አለኝ። ቁራኛዬ ሙሉ የጦር መሣሪያ ለብሳ ነው የቆመችው። እንዲህ ካለች ጋር አብሬ ማደር ለሕይወቴ ያሰጋኛል።»

«የእሱስ ጥርስ?» አለች ጃርት።

ሽኮኮ አሰበች። ደንቡን ታውቀው ነበር፤ ከሹመቱ ቀን ጀምሮ ስታጠናው ከርማለች። «ጥርስ መመገቢያ ነው» አለች። «በደንቡ መሠረት መሣሪያ የሚባለው ለሌላ ጥቅም የማይውል ነገር ነው። እሾህሽን አስተኚ።»

ጃርት ወደ ኋላዋ ዞረች። በጉባኤው ያጨበጨቡላት ሁሉ እዚያ ነበሩ። ከርከሮ አፈር ይጭራል። ጥንቸሎች እርስ በርሳቸው ጆሮ ላይ ያለ ቅማል ይፈልጋሉ። ጃርት እሾሆቿን ከአንገቷ ጀምራ እስከ ጅራቷ አስተኛቻቸው። ያን ጊዜ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነች ታየ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሁሉም ትልቅ እንስሳ ትመስላቸው ነበር።

ሐረጉን ያሰረችው ሽኮኮ ራሷ ናት፤ ለጎሬ ችሎት ሌላ ሠራተኛ አልተመደበለትም ነበርና። ስታጠብቀው ጃርት ጆሮዋ ሥር፣

«ልጆቹ ሥሩ ይጠጥርባቸዋል። አኝከሽ ስጫቸው» አለቻት።

ጨረቃ ሙሉ ስትሆን እንስሳቱ ተሰበሰቡ። ጅብ ብቻውን መጣ። ሐረጉ አንገቱ ላይ ነው፤ ሌላው ጫፉ መሬት ለመሬት ይጎተታል።

«ቁራኛህስ?» አለች ሽኮኮ።

«አብራኝ ናት፣ ክብርት ዳኛ። በትእዛዝሽ መሠረት ለአንዲት ቅጽበት አልተለየኋትም።»

ጅብ ወደ ፊት ቀረበና አፉን እያሻሸ፣ «ብቻ አንድ ችግር አለ» አለ። «አንዷን እሾህ ሳታስተኛት ቀርታ ኖሯል። ትእዛዝ መጣስ ነው፤ ግን ይቅር ብያታለሁ። ድዴ ላይ ተሰክታ እንቅልፍ ነሣችኝ። ያንቺ እጅ ትንሽ ስለሆነ እስቲ ንቀይልኝ።»

አፉን ከፈተ። ሽኮኮ ሽቅብ አየች። የአንበሳ ጅራት ይነሣል፣ ይወድቃል። ከወንበሯ ወረደች፤ ጭንቅላቷን ወደዚያ አፍ አስገብታ እሾሁን ያዘች፣ ነቀለችው። ብዙ ሳትጎትት ወጣላት። ከዚያ ወደ ቦታዋ ተመለሰችና ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ እንዲህ አለች፦

«ከሳሽና ተከሳሽ አንድ ሆነው ስለቀረቡ የሚያከራክር ነገር የለም። ክርክሩ ተዘግቷል። የሚቃወም አለ?»

የሚቃወም አልነበረም። «ቀጣይ ባለ ጉዳይ» ብላ ስትጣራ ከርከሮ፣ «ያ የከሰስኩበት ጎሬ ለነገሩ ይጠበኝ ነበር» አለ። ጥንቸልም፣ «እኔ ጎሬ ኖሮኝም አያውቅ፤ በስህተት ነው የተጠራሁት» አለች። እንዲህ እያሉ ሁሉም ተበተኑ። አንበሳ በማግስቱ የጎሬ ችሎትን አመሰገነ። በጫካው ያለው የጎሬ ክርክር ሁሉ በሰላም ማለቁን፣ ሌሎቹም ችሎቶች ከሽኮኮ እንዲማሩ አስነገረ።

ሽኮኮ ከችሎት ስትመለስ እሾሁን ይዛው ነበር። መጣል ትችል ነበር፤ ለምን እንዳልጣለችው አላውቅም። ሁለቱ ልጆች ከስንጥቁ አፍ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ሰማዩ ከብዷል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሊወርድ ነው።

«እትዬ ሽኮኮ» አለች ትልቋ። «እማዬስ? ተፈረደላት?»

«ቀጠሮ ተሰጥቷታል» አለች ሽኮኮ።

«እስከ መቼ?»

ሽኮኮ ያመጣችውን ሥር አኝካ ሰጠቻቸው፤ በሉ። ትንሿ በሽኮኮ እጅ ያለውን እሾህ አይታ፣ «ይሄ የእማዬን ይመስላል» አለች፤ ከዚያም ጀርባዋን ዞራ የራሷን አሳየቻት። «የኔም እንዲህ ሊሆን ነው። ንኪው።»

ሽኮኮ ነካችው። ገና ለስላሳ ነው፤ ጫፉ ላይ ግን መጠንከር ጀምሯል። «ጎበዝ» አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሽኮኮ ለእነዚያ ልጆች ጀርባዋን ሰጥታ ተኝታ አታውቅም።