ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

አንድ ምላሱ የማያርፍ እጩ የኮምፒውተር መምህር የማስተማር ልምምድ እንዲያደርግ ወደ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተላከ። ርዕሰ መምህሩ አቶ ደምሰው ደግሞ ኮምፒውተሮቹን ባለቤታቸው በሠሩት ዳንቴል ሸፍነው፣ የክፍሉን ቁልፍ ከኪሳቸው የማይለዩ ሰው ነበሩ። "ጫማ አውልቃችሁ ግቡ፤ እያያችሁ ተማሩ፤ የነካ ወዮለት!" ይላሉ። እጩው ቢለምን ቢለማመጥ ዳንቴሉ ንቅንቅ አላለም።

የእጩውን ማለፍ መውደቅ የሚወስኑት ፈታኝ ከኮሌጅ የመጡ ዕለት፣ አቶ ደምሰው ተማሪዎቹ ምንም ላለማወቃቸው ጥፋቱን በእሱ ሊያላክኩ ፈጠን አሉ። ዳንቴሉን ገፈፉና አንዷን ተማሪ "በይ አብሪው!" አሏት። ልጅቷ ዙሪያውን ብትዳብስ ማብሪያውን አጣችው።

"አዩልኝ ዶክተር! ማብራት እንኳ አላስተማራቸውም። ይሄ መምህር ሊባል ነው?"

ፈታኙ ወደ እጩው ዞሩ። "ለመሆኑ ምን ስታስተምር ከረምክ?"

እጩው በካልሲው እንደቆመ መለሰ፦

"ጫማችንን አውልቀን ገባን፤ ከዳንቴሉ ሥር መኖሩን አመንን፤ ሳንነካው እጅ ነስተን ወጣን። ፈተናው የሃይማኖት ከሆነ መቶ ከመቶ ይስጡኝ። የኮምፒውተር ከሆነ ግን ዜሮዋን ቁልፉን ለያዙት ያድርጉልኝ።"